ውዳሴ ባዶ እግር

ለሀገራችን የሕክምና ምርምር ከሁሉ በላይ ውለታ የዋለ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራል፣ ሌላው የውጭ ለጋሽ ያነሳል፣ ሦስተኛው አለቃው አጠገቡ ካለ አለቃውን ይጠቅሳል። እኔ ሳላመነታ ባዶ እግር ብዬ እመልሳለሁ። በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ በባዶ እግሩ ገበያ የሚወጣ፣ ልጁንም በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የሚልክ ደገኛ ባይኖር ኖሮ ስንት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የዶክትሬት ማዕረግ፣ ስንት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሳይወለድ ይቀር ነበር! ይህን የሚያህል ባለውለታ እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ወረቀት አልደረሰውም። እርግጥ በየጥናቱ መጨረሻ ላይ «ለተሳታፊዎች ምስጋናችን ይድረስ» የሚል መስመር አይጠፋም፤ እሱም በእንግሊዝኛ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ በተረፈ ቀይ አፈር ላይ ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲኖር፣ በአፈሩ ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በእግሩ ቆዳ አልፈው ይገባሉ። የሊምፍ ቧንቧዎቹ ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሻክራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። ጀርም የለበትም፣ ትንኝ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ገና ሲጀምር እግር እየታጠበ ጫማ ከተደረገ ሊመለስ ይችላል። ከልጅነቱ እግሩን ሸፍኖ ያደገ ሰው ደግሞ ከበሽታው ጋር የሚተዋወቅበት ምክንያት የለውም። እንዲህ ያለ በሽታ ለምርምር ጨርሶ የማይመች ይመስላል። ምኑ ይጠናል? ይላል የዋህ ሰው።

የዋህ ሰው የምርምርን ጠባይ አያውቅም።

በሽታው ከአፈር መሆኑን ያሳየው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ፣ በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረ ብሪታኒያዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ይህ ሰው ከገበያ ገበያ እየዞረ ያበጡ እግሮችን ይቆጥር ነበር። ገበያ ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰው ሁሉ በገዛ እግሩ ይመጣል። ከዚያ ቆጠራውን ከአፈሩና ከአየር ጠባዩ ጋር አስተያየው፤ ያበጠ እግር የበዛው ቀይ አፈር ባለበት ሆነ። ይህንን በ1974 አሳተመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠራው ጥናቶቹም የሚታተሙት በፈረንጅ አገር ስለሆነ ነው።) ጥቂት ቆይቶ ከሕሙማን የሊምፍ እጢ ውስጥ ያንኑ የአፈር ብናኝ በማይክሮስኮፕ አገኘው። እንግዲህ መንስኤውም መከላከያውም ከታወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ችኩል ሕዝብ ቢሆን በማግስቱ ጫማ ማደል ይጀምር ነበር። እኛ ረጋ ያልን ነን።

በረጋ መንፈስም መቁጠር ቀጠልን። በ2003 የወጣው ጥናት ወላይታ ላይ ቆጥሮ ከመቶ ሰው 5.46 አገኘ። ይህ እንግዲህ የወላይታ አፈር ነው፤ የወለጋ አፈር ጠባዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ጉሊሶ ላይም ተቆጠረ፤ 2.8 ሆነ። ጎጃም ደግሞ የራሱ ኩራት ያለው አገር ነው፤ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ተቆጥሮ 3.3 ወጣ። ሚዳ ቀኝ ላይ 7.4። በየቦታው የተደረሰበት መደምደሚያ ጫማ ነው፤ በየቦታውም እንደ አዲስ ተጽፏል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት እንደ ስድብ የሚወስዱት አሉ። እኔ ሙገሳ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ወረቀታችን ከያዘው እውቀት አንዲት ቃል እንኳ ወደ መሬት ሳይለቅ ይህን ሁሉ ዘመን መቆየቱ ቀላል ጽናት አይደለም።

ቆጠራው በዚህ አላበቃም። በ2013 አገር አቀፍ ካርታ ተሠራ። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ 1,315 ቀበሌዎችን አዳርሰው 129,959 ሰዎችን መረመሩ፤ ለመንስኤው ሌላ ጥርጣሬ እንዳይኖርም እሱም እግር የሚያሳብጠውን የፊላሪያ ትል ምርመራ ጭምር አደረጉ። ከዚያ በተሠራው ስሌት በ2015 በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ለበሽታው በሚያጋልጥ አካባቢ ይኖር የነበረው ሕዝብ ደግሞ 34.9 ሚሊዮን ነበር። ካርታው ያምራል። ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ እየሆነ ደጋውን ይከተላል። ጫማ የት እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ሰው ከእንግዲህ አፉን ሞልቶ የሚመልስለት አለ። ማወቅ ከመስጠት መብለጡም እዚህ ላይ ይታያል፤ የሰጠ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል፣ ያወቀ ሰው ግን ያወቀውን በየስብሰባው እያካፈለ ምንም አይጎድልበትም።

የዘር ነገርም ተነስቷል። በሽታው ካለበት ሰው ጋር ከአንድ ቤት የወጣ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል የተጋለጠ ነው። በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ አፈሩ የሚጎዳውን ሰው ከማይጎዳው የሚለይ የበሽታ መከላከል ዘረመል እንዳለ አሳዩ፤ ግኝቱ በዓለም ከተከበሩት የሕክምና መጽሔቶች ግንባር ቀደም በሆነው ላይ ወጣ። እዚህ ላይ የጫማ ትልቁ ድክመት ይጋለጣል። ጫማ ዘረመል አይመርጥም። የተጋለጠውንም ያልተጋለጠውንም እግር እኩል ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ለይቶ የማያውቅ ነገር በሳይንስ ፊት ምን ክብር ይኖረዋል?

ባዶ እግር የድሃ ልማድ ነው የሚለውን ወሬ ደግሞ የኢኮኖሚ ጥናቱ አፈር ድሜ አብልቶታል። በ2006 በታተመው የወላይታ ጥናት መሠረት አንድ ሕመምተኛ በበሽታው ምክንያት ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶውን ያጣል፤ በቀጥታ የሚያወጣው ወጪ በዓመት 143 ዶላር ነው። ሕዝቡ ያኔ አንድ ሚሊዮን ተኩል በነበረ በዚያ አንድ ዞን ብቻ ኪሳራው በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ለመላ አገሪቱ ሲሰላ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ኢትዮጵያ ካሏት ቅንጦቶች ሁሉ ውዱ በባዶ እግር መሄድ ነው። መርሴዲስ የሚነዳ ሰው ይህን ያህል አያባክንም። ገበሬያችን ግን በዚህ ቅንጦት ሳይኩራራ፣ ሳይታይለት፣ በየማለዳው ቀንበሩን ተሸክሞ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አነደድ የምትባል ወረዳ አለች። እዚያ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ታላቅ ሙከራ ተካሄደ፤ ውጤቱ በ2018 ወጣ። ሕሙማኑ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን እግር መታጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ተማረ፤ የሚያስፈልገውም ተሰጠው። ሁለተኛው ቡድን ይህንኑ የሚያገኘው ከ12 ወር በኋላ ነበር። የሁለተኛው ቡድን ሚና መጠበቅ ነው። የሀገራችን ገበሬ ለዚህ ሚና ሥልጠና አያስፈልገውም።

ውጤቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። ያበጠው እግር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ድንገት ይነሳበታል። ይግላል፣ ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ሰውየውን አንቀጥቅጦ መደብ ላይ ይጥለዋል። ይህ ነገር በሚጠብቀው ቡድን በእያንዳንዱ ሰው ላይ በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ ተነሳ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ማለት ነው። ለታጠበውና ጫማ ላደረገው ቡድን ወደ 19.4 ወረደ። እንግዲህ ውሃና ሳሙና ጫማም ሲታከልበት ለታመመ እግር እንደሚበጅ፣ በዕጣ በተከፈለ፣ በተነጻጸረ፣ በስታቲስቲክስ በተመሰከረለት ማስረጃ ተረጋገጠ። እናቶቻችን ማታ ማታ እግራችንን ሲያጥቡን ያለ አንዳች ማስረጃ ነበር። እንዴት ያለ ድፍረት ነው!

በነገራችን ላይ ጥናቱ የተከበረ ጥናት ነው፤ ይህን ስል አልቀለድኩም። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ሳሙና እንደሚያጸዳ ጠፍቷቸው አይደለም። ጠረጴዛ ተሻግሮ የተቀመጠ፣ በጀት የሚፈቅድ፣ ውብ ጫማ ያደረገ ሰው «ማስረጃው የታል?» ስለሚል ነው። ያ ሰውዬ ለጠረጴዛው፣ ለመኪናው፣ ለአውደ ጥናቱ ሆቴል እንዲህ ያለ ማስረጃ ጠይቆ አያውቅም። ለሳሙና ግን ጥብቅ ነው። ጥብቅነቱን አደንቃለሁ። አሁን ማስረጃው በእጁ ስለገባ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ተሻግሯል፤ ሥራው ከጤና ጣቢያው አገልግሎት ጋር ሊቀናጅ ይችላል ወይ? እሱም አዊ ዞን ላይ እየተጠና ከርሟል።

ባዶ እግር በማኅበራዊ ኑሯችን የዋለው ውለታም ሊዘነጋ አይገባም። ሕዝቡ በሽታው እባብ ከመርገጥ፣ ከእርግማን፣ ከመንፈስ ይመጣል ሲል ኖሯል። የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ይስቅ ነበር። ከዚያ በደቡብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ተጠየቁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ በሽታው ቢያንስ አንድ የተሳሳተ እምነት ተገኘባቸው፤ ግማሽ ያህሉ በሽታው ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር፣ ይዞን ይሆናል ብለውም ይሰጉ ነበር። ሕዝብና ባለሙያ በአንድ ጉዳይ አንድ ልብ የሆኑበት ጊዜ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ታማሚውም ተጠቃሚ ነው፤ ከሰርግ ይቀራል፣ ከማኅበር ይቀራል፣ ልጁን የሚያጭለት አይመጣም፤ ስለዚህ ከድግስ ወጪ ይድናል። ይህ ቁጠባ በኢኮኖሚ ጥናቱ ውስጥ ሳይካተት መቅረቱ ቅር አሰኝቶኛል።

ለምን ጫማ እንደማይደረግም ተጠንቷል። መጠይቅ ሲሞላ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል።

«አባባ፣ ጫማ ያደርጋሉ?»

«አዎ ልጄ፣ አለኝ።»

«ሁልጊዜ ያደርጋሉ?»

«ቤተ ክርስቲያን ስስም። ገበያም ስሄድ።»

«ሲያርሱስ?»

«ኧረ ልጄ! ጭቃው ነክሶ ያስቀረዋል እኮ። ደግሞስ አንዲቷን እርሻ ላይ ጨርሼ ለለቅሶ በምኔ ልሂድ?»

«እሺ፣ ምክንያትዎን ከሚከተሉት ይምረጡልኝ።»

ከሚከተሉት ውስጥ ጭቃ የለም፣ ለቅሶም የለም። ስለዚህ «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ይከበባል። ሽማግሌው ተራቸው የደረሰ መስሏቸው «ይቺ ያንተዋ ጫማ ስንት ወጣባት?» ይላሉ። «አባባ፣ የምጠይቀው እኔ ነኝ።» ሪፖርቱ ሲደርስ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና እንደሚያስፈልግ ይታወቃል፤ ሥልጠናውም በዞኑ ከተማ ይሰጣል፤ አበሉም ይከፈላል፤ ሠልጣኞቹ ሁሉ ጫማ አድርገው ይመጣሉ።

ጫማ አምራቾችም የለንም እንዳይባል፣ ዱከም በሚገኘው የኢንዱስትሪ ዞን የቻይናው ኋጂያን ፋብሪካ በ2012 ሥራ ጀምሮ ለአሜሪካ ሴቶች ጫማ ሲልክ ቆይቷል። የከብት ሀብታችን በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ነው፤ ቆዳው ከእኛ፣ ሰፊው ከእኛ፣ እግሩ ከአሜሪካ። አዲስ አበባ ደግሞ በየጥጉ ሊስትሮ አለ፤ ከወላይታ የመጡ ልጆች ከመካከላቸው ብዙ ናቸው። የአንዱን ሀብታም ጫማ እንደ መስታወት አብርቶ «እግር ቀይር ጋሼ» የሚለው ልጅ ታናሽ ወንድሙ አገር ቤት ቀይ አፈሩን በምን እንደሚረግጠው ማንም አይጠይቀውም። ሥራ ፈት ጥያቄ ነው። በዚያ ላይ ጫማ አላቂ ነው፤ የልጅ እግር ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል። በረባሶ ቢሰጠው ጣቱ ውጭ ነው፣ ኮንጎ ቢሰጠው ቀዳዳው ጭቃ ያስገባል፤ ሸፈን ያለ ጫማ ብንሰጠው ደግሞ የሚያስቀና ይሆናል። ጥናት ግን አንዴ ከታተመ አያረጅም፣ ቁጥሩ አይጠብም፣ ሶሉ አይላቀቅም።

በዚህ ሁሉ ውዳሴ ውስጥ አንድ የሚያስቸግረኝ ሰው አለ፤ አበበ ቢቂላ። የባዶ እግር ወዳጆች ሁሉ የምንጠራው እሱን ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ዓለምን አስደነቀ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለእኛ ነው። ችግሩ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ ማድረጉ ነው። ባይሆን እንኳ ተሸንፎ አያኮራንም? ጭራሽ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሦስት ደቂቃ ፈጠነ። ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፤ በዕጣም አልተከፈለም። ስለዚህ እንደ ማስረጃ ሊያዝ አይችልም።

ሌሎች አገሮች የሠሩትን ስሕተት እኛ እንዳንደግመው ማንሳት ይኖርብኛል። ይህ በሽታ በአንድ ወቅት በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ አንዳንድ አካባቢዎች እንደነበረ ይታመናል፤ በሰሜን አፍሪካም፣ አልጄሪያና ቱኒዚያን ጨምሮ፣ ነበረ። ሰዎቹ ጫማ ማድረግ ለመዱ፣ በሽታው ጠፋ። በቃ። ካርታ ሳይሠራለት፣ ዘረመሉ ሳይታይለት፣ አንድ መጠይቅ እንኳ ሳይሞላለት ጠፋ። ዛሬ አንድ የአየርላንድ ተማሪ በዚህ በሽታ መመረቂያ ጽሑፍ መሥራት ቢያምረው አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ እኛ መምጣት አለበት። በግዴለሽነት የጠፋ ሀብት እንዲህ ነው፤ ልጅ አይወርሰውም። እኛ ደግሞ እንግዳ ተቀባዮች ነን፤ መጥቶ ይቁጠር።

በሽታው በ2013 በአገር አቀፉ የተዘነጉ የቆላ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። ደገኛ በሽታ ከቆላ በሽታዎች ጋር መመደቡ አይግረማችሁ፤ ዋናው መመደቡ ነው።

እናንተ ግን፣ አንባቢዎች ሆይ፣ በባዶ እግሩ ለሚሄድ የገጠር ልጅ ጫማ ገዝቶ የሚያጠልቅ ሰው ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። መነሻ ጥናት አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት። ባለድርሻ አካላትን አወያይቷል ወይ? አመላካቾቹ ምን ምን ናቸው? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዘላቂነቱስ እንዴት ነው? እነዚህን ሳያሟላ ካገኛችሁት በአቅራቢያችሁ ለሚገኘው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።